ሁለት ፊደል በአንድ ገጽ

ጅጅጋ ውስጥ ቀና ብሎ ታፔላ እያነበበ ለሚሄድ ሰው መንገዱ አያልቅለትም። ከላይ ሶማልኛ በላቲን ፊደል፣ ከሥሩ አማርኛ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ፤ ሽቶና ጀለቢያ የሚሸጥበት ሱቅ ከሆነ ደግሞ ከቀኝ የሚነሣ ዓረብኛ ይጨመርበታል። ወደ ገበያው ጠጋ ሲሉ ጽሑፉ እያነሰ ሥዕሉ እየበዛ ይሄዳል። የጥርስ ሐኪሙ ግድግዳ ላይ እስከ ሥሩ የሚታይ መንጋጋ፣ የጎሚስታው በር ላይ ጎማ፣ የሥጋ ቤቱ ላይ ሻኛው ቀጥ ያለ ግመል። እነዚህን በብሩሽ የሚሠሩት ሰዎች የዲዛይን ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡ ይሆናል። ግን ግድግዳው ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ አላፊ አግዳሚው ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደምታርፍበት ሳያዩ ብሩሽ አያነሡም። እኔ በዚህ ሙያ ስኖር ከዚህ የሚበልጥ ዕውቀት አላገኘሁም።

ሙያዬ ገጽ ማቀናበር ነው፤ በእኛ አነጋገር ሌይአውት። ጽሑፉን ሌላ ሰው ይጽፈዋል፣ ፎቶውን ሌላ ሰው ያነሣዋል፤ የቱ ከላይ፣ የቱ ከታች፣ የቱ በትልቁ፣ የቱ በትንሹ እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ። አንባቢ ይህን ሥራ ልብ የሚለው ሲበላሽ ብቻ ነው፤ ካማረ «ጽሑፉ ጥሩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ፣ ሁለት ቋንቋ እንዲህ ተቀላቅሎ በሚኖርበት አገር ሁለቱን በወረቀትና በስልክ ላይ እንዴት እንደምናስቀምጣቸው ብዙዎች የቴክኒክ ጣጣ ብቻ አድርገው ማየታቸው ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝምና በመጽሔታችን ላይ የደረሰውን ልተርክ።

መጽሔቱን ያሰብነው የከተማው ልጆች የሆንን ጥቂት ወዳጆች ነን። የግማሾቻችን ቤት ሶማልኛ፣ የግማሾቻችን ቤት አማርኛ ይነገርበታል። ጨዋታ ላይ ስንሆን ሁላችንም ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለልን ነው የምናወራው፤ አረፍተ ነገሩ በአማርኛ ተጀምሮ በሶማልኛ ቢያልቅ ማንም አይደነግጥም። ማንበብ ላይ ስንደርስ ግን እንለያያለን። በጆሮው ሁለቱንም የሚሰማ ሰው ዓይኑ የሚከተለው ትምህርት ቤት የተማረበትን ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ጽሑፍ በግራ ገጽ በሶማልኛ፣ ያው ጽሑፍ በቀኝ ገጽ በአማርኛ፣ ፊት ለፊት ተያይተው እንዲታተሙ ተስማማን። ስለ ግመል ወተት ሻጭ እናቶች፣ ስለ ካራማራ ጋራ፣ ስለ ቶጎ ውጫሌ ንግድ፣ ስለ ቀብሪ በያህ ውኃ ችግር የሚያወሩ ጽሑፎች ተሰበሰቡ። ከሽፋኑ ጋር 32 ገጽ።

አርአያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጁን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲያትም ኖሯል። ገልጣችሁ እዩት፤ የአንዱ ቋንቋ አንቀጽ ከሌላው ያው አንቀጽ ትይዩ እንዲሆን፣ ያጠረው ዓምድ ሥሩ ባዶ ሆኖ ይቆያል። ጠበቃ ያን ነጭ ቦታ አያየው ይሆናል። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ቀድሞ የጨረሰው ሌላው እስኪደርስ የሚቆምበት ቦታ ነው። እርግጥ በሕግ ሁለቱ ቃል ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። እኛ ግን አንዱ አዛዥ ሌላው አጃቢ እንዳይሆን ፈለግን። ይህን ደግሞ በመግቢያ ጽሑፍ ላይ «ሁለቱም እኩል ናቸው» ብሎ መጻፍ አይፈጽመውም፤ ገጹ ራሱ ማሳየት አለበት።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ነው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ሀ፣ ለ፣ መ ሁሉም ከመስመሩ ተነሥተው የላቲኑ ትልቅ ፊደል በሚደርስበት ከፍታ አካባቢ ይቆማሉ። ላቲኑ ግን አብዛኛው ጽሑፍ የሚጻፈው በትንሹ ፊደል ስለሆነ ዝቅ ይላል፤ አልፎ አልፎ ብቻ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይመዘዛል። ስለዚህ ሁለቱንም ኮምፒውተሩ ላይ 11 ነጥብ ብታደርጓቸው፣ አማርኛው ጠቆር ጎላ ብሎ፣ ሶማልኛው ሳሳና አነስ ብሎ ይታያል። ርዝመቱ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አማርኛ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይጨርሳል፤ ሶማልኛ አናባቢውን ለብቻ ይጽፋል፣ ረጅም ሲሆን ይደግመዋል። ያው ጽሑፍ በአማርኛ ገጹ ሳይሞላ ያልቃል፤ በሶማልኛ ሞልቶ ይፈሳል።

የመጀመሪያውን ፕሩፍ (የማረሚያ ቅጂ) በቢሮ ማተሚያ አውጥተን ሁላችን አዴር (አጎት) ለምንላቸው አንድ ሽማግሌ ወሰድንላቸው። መነጽራቸውን ሳያደርጉ ወረቀቱን እጃቸው እስከሚዘረጋ አርቀው ያዙት።

«ሶማልኛውን ለምን አሳነሳችሁት?»

«አዴር፣ ሁለቱም እኩል ናቸው። 11 ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ላሳይዎት እችላለሁ።»

«ልጄ፣ እኔ ቁጥር አልጠየቅኩህም። ዓይኔ ያየውን ነው የነገርኩህ።»

እውነታቸውን ነበር። ገጽን ለዓይን እንጂ ለቁጥር አናቀናብርም። ሶማልኛውን ወደ 12 ከፍ፣ አማርኛውን ወደ 10 ተኩል ዝቅ አድርጌ ጎን ለጎን ስሰቅላቸው ለዓይን ተስተካከሉ። ግን ቀድሞም ይረዝም የነበረው ሶማልኛ አሁን ይባስ ረዘመ። ለአማርኛው በመስመርና በመስመር መካከል ሰፋ ያለ አየር ሰጠሁት፤ እሱም ደስ አለው፤ የግዕዝ ፊደል ሲታፈን ሐመሩና ሐመረ አይለይም፣ ላይ ታቹ ይደፈናል። ለሶማልኛው ደግሞ ከሥር ቦታ መተው ነበረብኝ። የላቲን ፎንት የሚሣለው እንግሊዝኛን እያሰቡ ነው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ ኪውና ኤክስ ብርቅ ናቸው፤ ሶማልኛ ውስጥ ግን በየመስመሩ አሉ፣ የኪው ጭራ በየቦታው ወደ ታች ይወርዳል። እኛ የተጠቀምንበት ፎንት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ጠባብ ዓምድ የተሠራው ነው። የመረጥነው ኮምፒውተሩ ላይ ስለተገኘ ብቻ ነው። ለሶማልኛ ታስቦ ከሥሩ የተሣለ ፊደል የሚያወጣ ሰው ከመካከላችን ቢወጣ ምኞቴ ነው።

አዴር ስለ ፊደል መጠን ሲቆጡ የግል ቅሬታ ብቻ አይደለም። ሶማልኛ የሚጻፍበትን ፊደል ለመምረጥ ብዙ ትውልድ ደክሞበታል። ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ፊደል ቀርጸው ነበር፤ ዛሬም በስማቸው ዑስማንያ ይባላል። ከእኛ ከአውበሬ ድንበር ማዶ ባለችው ቦራማ ደግሞ ሼክ አብዱራህማን ሼክ ኑር በ1933 እ.ኤ.አ. ሌላ ፊደል አወጡ፤ ሰዎች ደብዳቤና ግጥም ጻፉበት። በዓረብኛ ፊደል የሚጽፉትም ነበሩ። ሶማሊያ በ1972 እ.ኤ.አ. ላቲኑን በይፋ መረጠች፤ በእኛም ክልል ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ትምህርት ቤቱም ቢሮውም የሚጽፈው በዚሁ ነው። የእኛ የግዕዝ ፊደልም በማተሚያ የወጣው መጀመሪያ በሰው አገር ነው፤ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በታተመው መዝሙረ ዳዊት። እንዲህ ዞሮ ዞሮ የተገኘን ፊደል አንድ ነጥብ ከፍና ዝቅ ማድረግ ለባለቤቱ ቀላል አይሆንለትም።

ጅጅጋ ማተሚያ ቤቶች አሉ። በባለ አራት ቀለም አትሞ፣ አጥፎና ሰፍቶ በአቅማችን የሚያወጣልን ግን ድሬዳዋ ተገኘ። በሌሊት በሚነሣው ሚኒባስ ካራማራን ወጣን። ጠመዝማዛው ካለቀ በኋላ የፍተሻ ኬላው ላይ ወረድን፤ ፈታሹ የፕሩፉን ጥቅል ፈትቶ አንድ በአንድ ገለጠው፤ ሲጨርስም አንዱን ገጽ በሶማልኛ ጮክ ብሎ ለጓደኛው አነበበለት። ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ገዛን። ሐረር ስንደርስ የሚኒባሱ ራዲያተር ፈላና «ሁለት ሰዓት ይፈጃል» ተባለ፤ ሁለት ሰዓቱ ግማሽ ቀን ሆነ።

ባይፈላ ኖሮ ጀጎል አልገባም ነበር። የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም የሐረር ሊቃውንት በእጅ የጻፏቸውን ቁርዓኖችና ኪታቦች ይዟል። ለአንድ ሌይአውት ሠሪ ይህ ክፍል ምን እንደሆነ ለመናገር ያዳግተኛል። ጽሑፉ በገጹ መካከል ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ዙሪያው ሰፊ ኅዳግ ነው። ኅዳጉ የተተወው ለውበት ብቻ አይደለም። ተማሪው ከመምህሩ የሰማውን ማብራሪያ እዚያ ላይ አግድም ሰያፍ አድርጎ ይጽፍበታል። በዓረብኛ የእጅ ጽሑፍ ልማድ ደግሞ በገጹ ግርጌ በስተግራ አንዲት ቃል ለብቻዋ ትንጠለጠላለች፤ የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምርባት ቃል ናት። የገጽ ቁጥር በሌለበት ዘመን ጠራዡ ቅጠሎቹ እንዳይዘበራረቁበት በእሷ ይመራል፤ አንባቢም ገጹን ሲገልጥ ድምፁ አይቋረጥም። የብራና መጻሕፍታችንም እንዲሁ የራሳቸው መላ አላቸው፤ በወስፌ የተሰመረው መስመር፣ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ዓምድ፣ ቅዱስ ስም ሲመጣ ቀይ ቀለም፣ ምዕራፍ ሲከፈት ሐረጉ። ድረ ገጽ ሲመጣ «አዲስ» ብለን የተማርነው ብዙ ነገር፣ አንባቢን ወደሚቀጥለው ገጽ መምራት፣ በቀለም መለየት፣ ለአስተያየት ቦታ መተው፣ ጀጎል ውስጥ በመስታወት ሥር ተቀምጧል።

ድሬዳዋ ስንገባ መሽቶ ነበር። ከተማዋ ለሕትመት እንግዳ አይደለችም። የካፑቺን ሚሲዮናውያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በሐረር የቅዱስ አልዓዛር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ «ለ ሰመር ዴትዮፒ» የተባለ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያትሙ ነበር፤ የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ስም በኋላ ድሬዳዋ በታተሙ መጻሕፍት ላይ ይገኛል። እኛ የሄድንበት ማተሚያ ቤት ከዚያ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ስሙንም አላነሣም።

ሥራውን የተረከበን ኦፕሬተር ትሑትና ታታሪ ልጅ ነው። ሆኖም የመቁረጫው መጠን ከእኛ ገጽ ስለሚያንስ ያለቀለትን ፋይል ትቶ ዋናውን መክፈት ነበረበት። ሲከፍተው ሶማልኛው እንዳለ ወጣ፤ ከአማርኛው ግማሹ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆነ። በዚህ አገር ማተሚያ ቤት የገባ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በወጡበት ዘመን ፊደላችን በኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቦታ አልነበረውምና የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ቦታ ላይ ደርበው አስቀመጡት። ፎንቱ ያለበት ማሽን አማርኛ ያሳያችኋል፤ የሌለበት ከሥር ያለውን ላቲን። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛ እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። ነገር ግን ከጸሐፊዎቻችን አንዳንዶቹ ጽሑፋቸውን የላኩት ዛሬም በለመዱት በድሮው ነው፤ ማተሚያ ቤቶችም ለርዕስ የሚያምሩት የድሮዎቹ ናቸው ብለው ይዘዋቸዋል። ፎንቱን ፍለጋ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ፍላሽ ስናመላልስ ፍላሻችን ቫይረስ ያዘው።

ከዚህ በኋላ ያለው ተደራርቦ መጣ። በእስክሪብቶ ያረምናቸውን የሶማልኛ ገጾች ኦፕሬተሩ ራሱ ተየባቸው። ኮምፒውተሩ የተዘጋጀው ለእንግሊዝኛ ነበር። ሶማልኛ ውስጥ «ለእኔ፣ እኔን» የምትለዋ ቃል አንዲት ትንሽ ኢ ናት፤ ብቻዋን ትቆማለች። ኮምፒውተሩ ብቻዋን የቆመችን ኢ ባየ ቁጥር የእንግሊዝኛው «እኔ» መስላው ትልቅ ያደርጋታል። አንዲት የወተት ሻጭ ስለ ልጅነቷ በተናገረችበት ገጽ ላይ በየመስመሩ ትልልቅ ምሰሶ ተተከለ። ማንም ሳያስበው፣ የዝምተኛ ሴት ንግግር የጩኸት መልክ ያዘ። የካራማራን ፎቶ ዋናውን ቅጂ የያዘው ፍላሽ አልከፈት ስላለ፣ በቴሌግራም ተልኮ የተጨመቀው ገባ። ለስልክ የሚበቃ ፎቶ ለወረቀት አይበቃም፤ ወረቀት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል። ከዝናብ በኋላ የተነሣው አረንጓዴም እንዲሁ። ስክሪን ቀለሙን የሚሠራው በብርሃን ነው፣ ማተሚያ በአራት ቀለም ቅልቅል፤ በስክሪን የሚያበራ አረንጓዴ በወረቀት የለም። ጋራው የደረቀ ሣር መሰለ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እኔ ወደ ጅጅጋ መመለስ ነበረብኝ፤ የመጨረሻውን ፕሩፍ በስልክ ላይ ገጽ በገጽ ላኩልኝና አንድ በአንድ አየሁት። ገጽ በገጽ፤ ጥንድ በጥንድ ሳይሆን።

መጽሔቶቹ በካርቶን ደረሱ። የመጀመሪያውን ስገልጥ በግራ በኩል የስፖንሰራችን የመልካም ምኞት መግለጫ ተቀምጧል። እኛ ያደረግነው ገጽ 31 ላይ ነበር። ማተሚያ ቤቱ «ገንዘብ የሰጠ ሰው ከኋላ አይቀመጥም» ብሎ በቅን ልቦና ወደ ገጽ 2 አመጣው። በዚህች አንድ ገጽ ምክንያት ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ተገፋ። በግራ የነበረው ሶማልኛ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ጥንዱ አማርኛ ደግሞ ከዚያው ቅጠል ጀርባ ገባ። ፊት ለፊት ይተያያሉ ያልናቸው ጀርባ ለጀርባ ሆኑ። በሁለቱ መካከለኛ ገጾች ላይ ተዘርግቶ የነበረው ካራማራም ከመሐሉ ተሰነጠቀ፤ ግማሹ በገጽ 17፣ ግማሹ ገልብጠው በሚያገኙት በ18።

ይህን ለምን እንደማዝንበት ልናገር። ካራማራ ሲባል ለብዙ አማርኛ አንባቢ ቀድሞ ትዝ የሚለው 1970 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱና ድሉ። እዚህ ለምንኖረው ደግሞ በየማለዳው የምናየው ጋራ ነው፤ ደመና ሲይዘው የሚዘንብ መሆኑን የምናውቅበት፣ ዘመድ ስንሸኝ የምናቋርጠው፤ ያ ዘመን ቤተሰብ የበተነበትም በሁለቱም ወገን አለ። በአንድ ፎቶ ሥር ሁለት መግለጫ በሁለት ፊደል አስቀምጠን ነበር። አንባቢው የራሱን ሲጨርስ ዓይኑ ወደ ጎረቤቱ እንዲሻገር። ሌይአውት እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ ይችላል፤ ሐተታ የማይችለውን። ያ ዕድል በማጠፊያ መሣሪያ ሥር ቀረ።

እንደገና ለማሳተም ገንዘብ አልነበረንም። እንዳለ አከፋፈልነው። ጥቂቱን ይዤ ቶጎ ውጫሌ ወረድኩ፤ በአስፋልቱ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድንበሩ አጠገብ ኤዶ (አክስት) የምንላቸው ሴት በወተት የተፈላ ቅመም ያለው ሻይ የሚሸጡበት ጥላ አለ። አንድ ደላላና አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መጽሔቱን ተቀብለው አብረው ማንበብ ጀመሩ። ደላላው ሶማልኛውን ሳይጨርስ ሾፌሩ ገጹን ወደ ራሱ ይገልጠዋል፤ ደላላው መልሶ ይገለብጠዋል። እንዲህ ሲጓተቱ ያዩዋቸው ኤዶ መጡና ከእጄ ሌላ ቅጂ ተቀብለው አንዱን በሶማልኛው፣ ሌላውን በአማርኛው ገልጠው ጠረጴዛው ላይ አጠጋጓቸው።

«እንዲህ አድርጋችሁ ብታትሙት ምን አለበት?» አሉኝ።

ሰዎቹ የቀንድ ከብት ዋጋ ላይ የጻፍነውን አንቀጽ እያነበቡ ተከራከሩ። ደላላው በጣቱ የሶማልኛውን መስመር፣ ሾፌሩ የአማርኛውን እየተከተሉ፣ «ይኼ ቁጥር እዚያም አለ ወይ?» ይባባሉ ነበር። እኔ ያሰብኩት መጽሔት ያ ነበር። በሁለት ቅጂ ዋጋ ተገኘ።

መጽሔቱን ለስልክም ሠርተነው ነበር፤ ያዘጋጀው አንድ ወዳጄ ነው። በብዙ ነገር ከወረቀቱ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይገባም። ትልልቆቹ ኢዎች በተነገረን ሰዓት ተስተካከሉ። አረንጓዴው አረንጓዴ ሆነ። አዴር ፊደሉን በጣታቸው ዘርግተው ያሻቸውን ያህል አተለቁት። ኤታን ማርኮት የተባለው ዲዛይነር በ2010 እ.ኤ.አ. አንድ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን የሚያስተካክልበትን ዘዴ ስም ሰጥቶ ካስተዋወቀ ወዲህ፣ የገጹ ጠርዝ የት እንደሆነ የሚወስነው ዲዛይነሩ መሆኑ ቀርቷል፤ የአንባቢው ስልክ ነው። ጠባብ ስክሪን ላይ አማርኛን ግራና ቀኝ እኩል ማስተካከል እንደማይሆንም ወዲያው አየን። ቃላችን ከፊትም ከኋላም እየተቀጠለ ስለሚረዝም በአንድ መስመር ሁለት ሦስት ቃል ይገባና መካከሉ ይቦረቦራል። በግራ ብቻ አስተካክለን ቀኙን ተውነው። የጅጅጋ ቀትር ፀሐይ ላይ ደግሞ ጥቁር መደብ ያለው ገጽ ፊታችሁን ያሳያችኋል እንጂ ጽሑፍ አያሳይም፤ ነጭ አደረግነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከወዳጄ ጋር አልተስማማንም። ከላይ ሁለት ቁልፍ አደረገ፤ አንዱ ሶማልኛ፣ ሌላው አማርኛ። ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሁሉም ድረ ገጽ የሚያደርገው ነው። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሶማልኛን ጨምሮ አራት ቋንቋዎች ተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ሲወስን የብዙ ሰው ሐሳብ የሄደው ወደዚሁ ቁልፍ ነው፤ ተራ ላይ አንድ ስም መጨመር። እኔ ቁልፉን የማልወደው፣ አንዱን የነካ ሰው ሌላው መኖሩን ሳያይ ስለሚጨርስ ነው። የማተሚያ ቤቱ ስሕተት ቢያንስ ቅጠሉን ሲገልጡ ጎረቤቱን ያሳያል። ቁልፉ አያሳይም። እኔ ሶማልኛ ማንበብ የተማርኩት ማንም አስተምሮኝ አይደለም፤ አማርኛውን በማውቀው ታፔላ ላይ ከጎኑ ያለውን ላቲን ዓይኔ እየሰረቀ ነው። የዛሬ ልጅ የሚያነበው ስልክ ላይ ከሆነ፣ ዓይኑ የሚሰርቀው ነገር ከጎኑ ሊኖር ይገባል።

ብዙ ከተከራከርን በኋላ ቁልፉን አነሣነው። ስልኩ ቆሞ ሲያዝ አንድ አንቀጽ ሶማልኛ፣ ከሥሩ ያው አንቀጽ በአማርኛ፤ ስልኩ ሲጋደም ሁለት ዓምድ ጎን ለጎን። አንዳንዶች «ረዘመ» አሉ። ይረዝማል። ዳታ ይበላል ያሉትም ነበሩ፤ ጽሑፍ ግን ቀላል ነው፣ ያንዷ ፎቶ ክብደት ከመጽሔቱ ሙሉ ጽሑፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ፎቶዎቹን ቀነስን። ያዕቆብ ኒልሰን የተባለ የድረ ገጽ አጥኚ በ2006 እ.ኤ.አ. ሰዎች ድረ ገጽ ሲያነቡ ዓይናቸው ከላይ በአግድም ሄዶ ከዚያ በግራ ጠርዝ እንደሚወርድ በጥናት አሳይቶ ነበር። እውነት ከሆነ፣ በተጋደመ ስልክ ላይ በግራ ያለው ቋንቋ ሁልጊዜ ተመራጭ ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ መላ አለን፤ በየጽሑፉ ግራውን እናፈራርቃለን። ወረቀቱ ላይም እንዲሁ።

ሁለተኛው እትም እየተዘጋጀ ነው። ዳሚውን (የመጽሔቱን ባዶ ሞዴል) በወረቀት አጥፌ፣ ገጹን በእጄ ቆጥሬ፣ ጥንዶቹን በቀለም አገናኝቼ ለማተሚያ ቤቱ እሰጣለሁ፤ ፕሩፉንም በጥንድ ካልሆነ አልቀበልም ብያለሁ። ስፖንሰሩ ራሱ ሲነገረው ከኋላ ሽፋን ላይ መቀመጥ ይሻለኛል አለ፤ መጽሔቱ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ ሲቀመጥ የሚታየው እሱ ነውና። የቀረው የአዴር ጥያቄ ነው። ዓረብኛም ይግባ ይላሉ፤ ለእናቶችና ለቁርዓን ቤት ልጆች። ዓረብኛ የሚጀምረው እኛ የምንጨርስበት ሽፋን ላይ ስለሆነ መጽሔቱ ሁለት ፊት ይኖረዋል፤ ስፖንሰሩን እንደገና ከየት እንደምናስቀምጠው አላውቅም። ሦስቱ ጽሑፎች መካከለኛው ሽቦ ላይ ሲገናኙ ማን በየትኛው ገጽ እንደሚያርፍ ወረቀት እያጠፍን እየሞከርን ነው። የዓረብኛውን መጠን ግን ከኮምፒውተሩ አልጠይቅም፤ በሦስት ዓይነት አትሜ አዴር ዘንድ እወስደዋለሁ፤ መነጽራቸውን ሳያደርጉ አርቀው ይዘው የመረጡት ይገባል።